ባዶውን የማይመለስ ጆንያ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ መካነ ሰላም … አዎ፣ የእርዳታው ቢሮ ነው። ማን ልበል? … ከአዲስ አበባ? እንግዲያው ጮክ ይበሉ ጓድ። የደሴ ስልክ ቤቷ ልጅ ጆሮዋን ስትለጥፍ ድምፁ ይቀንሳል። … አንቺ የደሴዋ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይልን። … ይኸው፣ አሁን ተሻለ።

— ሥራ አስኪያጁ? አቶ አድማሴ የሉም። የቢሮው መኪና አጅባር ላይ ተሰብሮ እሱን ሊያሠሩ ሄደዋል። ዛሬ አይመለሱም። … ሌላ ኃላፊ? እኔ አለሁ እኮ። ሐረግ እባላለሁ፣ ሐረግ አራጌ። እሳቸው ሲሄዱ ቢሮውን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ወንበራቸው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ስልኩንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ሳልፈቅድ እዚህ ቢሮ ዝንብ አትገባም።

— ዕድሜዬ? ዕድሜን ከሥራ ጋር ምን አገናኘው … አሥራ ስድስት። ሊሞላ ነው። … ትምህርት እስከ አምስተኛ። ስድስተኛ ልገባ ስል ድርቁም አብሮ ገባ፣ ሁለታችን ባንድ በር ማለፍ አቃተን። … ሥራዬማ ነገርኩዎት፣ አስተዳደር። … የደመወዝ ወረቀቱ ላይ? … እሱ ላይ «ጽዳትና ተላላኪ» ይላል። ግን የተጻፈው የተቀጠርኩ ለት ነው፣ ሰው ያድጋል።

— እርስዎስ ማን ነዎት? … ጀብሪል? … ጋሽ ጀብሪል፣ የልጆቹን ፎቶ የላኩልን? … ወላሂ ይበሉ። … እማማ ይርገዱ፣ ፎቶውን የላኩት ሰው ናቸው እኮ! … ይኼ፣ ግድግዳው ላይ ያለው፣ የበረዶ ላይ የፈረንጅ ልጆች። … አዎ፣ ራሳቸው ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። … «እንዴት ሰነበቱ፣ ልጁም ከብቱም ደህና ነው ወይ» ይላሉ ጋሼ። … አዲስ አበባ ከብት እንደሌለዎት አውቃለሁ፣ ግን እሳቸው ከብቱን ሳይጠይቁ ሰላምታው አይሞላላቸውም።

— እማማ ይርገዱ ናቸው፣ ከቆላው አፋፍ፣ ከገደሉ ጫፍ ነው ቤታቸው። የሚቀጥለው እህል መቼ ይመጣል ብለው ሊጠይቁ መጥተው ነው። የሞተች ልጃቸውን ልጆች ያሳድጋሉ፣ ሦስት ናቸው፣ ትንሿ ገና ዳዴ ነች። የወሰዱት አልቆባቸዋል። … አብሽሩ እያልኳቸው ነው፣ ዛሬ ነገ ይደርሳል እያልኩ።

— ለእሳቸው እኮ ይህ ቢሮ ቢሮ አይደለም። ቤቱ የተወረሰ ነው ጋሼ፣ ከአብዮቱ በፊት የባላባቱ ነበር። እማማ ይርገዱ የምርታቸውን ሲሶ ተሸክመው በዚሁ በር ነበር የሚያስገቡት። ባለፈው ስንዴ ተቀብለው ሲወጡ ደፉ ላይ ቆሙ። ምነው ታመሙ እንዴ ብዬ ሮጥኩ። «በዚህ በር እህል ይዤ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ደፍ ሁለቴ ነው የማጥበው።

— ጋሼ፣ ስልኩ ከተገኘ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። … አውቃለሁ ይቸኩላሉ፣ አንድ ብቻ። አቶ አድማሴ «እህሉን የሚያስመጡት ጀብሪል ናቸው» ሲሉ ነጋዴ ነበር የሚመስሉኝ። በምንድን ነው የሚያስመጡት? … በደብዳቤ? … በደብዳቤ ብቻ? … እርስዎ እዚያ ቁጭ ብለው ስለ እኛ ይጽፋሉ፣ ወረቀቱ ባሕር ይሻገራል፣ የማያውቁን ሰዎች ቤት ይገባል፣ ከዚያ ስንዴ ሆኖ ይመለሳል? … ያረቢ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ፊደል ስቆጥር ማንም ይህን አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ስድስተኛን በድርቁ ትከሻ ላይ ተረማምጄ እገባ ነበር።

— እና እርስዎ ለማኝ ነዎት ማለት ነው? … አይቆጡ እንጂ። ላሊበላዎቹም ሳይነጋ ደጅ ቆመው ዘፍነው የሚወስዱት በክብር ነው፣ ማንም ሰው አይንቃቸውም። እርስዎ በጽሕፈት መኪና የሚዘፍኑ ላሊበላ ነዎት። … ሳቁ። እማማ ይርገዱ፣ አሳቅኋቸው።

— ልጆቹስ? የሚሰጡትን ከየት አምጥተው ነው? … ከትምህርት ቤታቸው ሜዳ … ሮጠው? … ሜዳውን በዞሩ ቁጥር ጎረቤቱ ለእኛ የሚሆን ይሰጣል? … እና ምን ያስሮጣቸዋል፣ ማን አባሯቸው? … ማንም ሳያባርራቸው። … በዚያ በረዶ ላይ? … ጋሼ፣ እኛ እኮ ነጩን ነገር መጀመሪያ ዱቄት ነው ብለን ነበር። ሜዳ ሙሉ ዱቄት ላይ ልጆች ቆመው ሲስቁ … ገበያ ላይ ሰው ፎቶውን ሲቀባበል ዋለ። በኋላ አቶ አድማሴ በረዶ ነው ሲሉ ደግሞ ባሰብን። እኛ ጋ በረዶ ከወረደ የገብሱን ራስ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ያለቅሳል። እነሱ በላዩ ሮጠውበት ለእኛ ስንዴ አደረጉት።

— ትልልቆቹ ሰጪዎችስ፣ መንግሥታቱና ማኅበራቱ? … ለነሱ ዕቅድ ይጻፋል … ይፈቅዳሉ … ከዚያ በኋላ «ምን ላይ ዋለ» ብለው ይጠይቃሉ። ሰጥተው ሲያበቁ? እኛ ጋ ሰጥቶ የጠየቀ እንዳልሰጠ ነው ጋሼ። … እ … እሱስ እውነትዎን ነው። እነሱም ከሌላ ሰው ተቀብለው ከሆነ ያ ሰው ደግሞ ይጠይቃቸዋል። … ስንት እጅ አልፎ ነው እዚህ የሚደርሰው? እኔ እኮ ከመኪና ላይ ብቻ የሚወርድ ነበር የሚመስለኝ። … እሺ ጨረስኩ። ይናገሩ፣ ለምን ደወሉ?

— ምን አሉ? … ይድገሙልኝ። … የሚቀጥለው እህል ወዴት? … ወደ ሌላ አውራጃ? የኛ?

— ምንም አይደለም እማማ። መስመሩ ነው፣ ይንጫጫል። ይቀመጡ።

— ቀስ ብለው ይንገሩኝ ጋሼ፣ ሰው አለ እዚህ። … ባለፈው የመጣችው ፈረንጅ። አዎ፣ ከሰጪዎቹ የተላከችው ተቆጣጣሪ፣ አውቃታለሁ። መጋዘኑን ያስጎበኘኋት እኔ ነኝ፣ አቶ አድማሴ ወግዲ ነበሩ። … ሪፖርቷ ላይ? … «የአካባቢው ገበሬ የሚተርፈው እህል አለው፣ ከትርፉም ለድርጅቱ ሰጥቷል።» … እንዲህ ብላ ጻፈች? … እና ሰጪዎቹ «የሚተርፈው ሕዝብ ከሆነ የባሰበት ይቅደም» አሉ።

— መስጠቱንማ ሰጥተዋል። ውሸት አልጻፈችም። ግን ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርዎት። ጆንያ አለቀ። ደሴ ያለው እህል ያለ ጆንያ አይጫንም ተባለ። አቶ አድማሴ እህል የወሰደ ሁሉ ባዶ ጆንያውን እንዲመልስ ንገሪ አሉኝ። ገበያ መሃል ቆሜ ለፈፍኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሳይቀር። ሰው እንዲሰማኝ ፎቶውን ከግድግዳው ላይ ነቅዬ ይዤ ነው የዞርኩት። «የላኩልን እነዚህ ልጆች ናቸው፣ ጆንያው ይመለስ» አልኩ። … አዎ፣ ሰው ጆንያው እዚያ ድረስ፣ ለልጆቹ የሚመለስ መስሎታል። እኔም አላረምኩትም፣ አሳምሮታል ብዬ።

— የኛን አገር ሰው ደግሞ ያውቁታል … እናትዎ ከወረኢሉ ናቸው? እንዲያማ ከሆነ ጨርሰው ያውቁታል። ጎረቤት በሣህን ምግብ ቢልክልዎት ሣህኑ ባዶውን ይመለሳል? … አይመለስም። ምንም ቢጠፋ ጨው ጣል ይደረግበታል። … ጆንያው መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን ላጣጥፈው ሳነሳው ከሥሩ ኮሽ አለ። እጄን ብሰድ እፍኝ ገብስ። የተረሳ መሰለኝ። የሚቀጥለውን አነሳሁ፣ ባቄላ። ሌላውን አነሳሁ … ሁሉም ጋሼ። አንድም ባዶ አልነበረም።

— ያን ቀን መጋዘኑ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እፍኞቹን አንድ በአንድ በባለቤታቸው ስም ጠራኋቸው። ጆንያውን ሁሉ ማን እንዳመጣው አውቃለሁ እኮ። ማን ቤት ምን በልተው እንደሚያድሩ አውቃለሁ። የት ደብቀውት ኖሩ? ከማን አፍ ቀንሰው ነው? … እነሱ አንዳቸውም አልተነጋገሩም፣ ጠይቄያለሁ። ሁሉም ለብቻው ነው ያደረገው፣ ሌላው እንዳያየው ከሥር አድርጎ።

— ከዚያማ … ከዚያማ ሁሉንም ባንድ ጆንያ ገለበጥኩት። እስከ አፉ ሞላ። ፈረንጇ ስትመጣ በሩ ላይ አቆምኩላት፣ አይታ እንድትደነቅ። «ይህ ከየት መጣ» አለች። «ገበሬ ሰጠ» አልኳት፣ በእንግሊዝኛ፣ አስተካክዬ። … ሌላ ምን ልጨምር፣ እንግሊዝኛዬ እዚያ ላይ አለቀ። … እሷም ተደነቀች፣ ጻፈች። … አዎ። ሙሉ ጆንያ ነው ያየችው። እፍኙን አላየችም።

— … ጋሼ። እኔ ነኛ ይህን ጣጣ ያመጣሁት።

— አልነገርኳቸውም። አጠገቤ ናቸው፣ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። … መቼ ነው የሚወሰነው? … ዛሬ? … ቢሮ ሳይዘጋ ለሰጪዎቹ ቴሌክስ ካልላኩ … መልሼ ላድላቸው እንዴ? ቤት ለቤት ዞሬ? … አይሆንም ጋሼ፣ የሰጡትን መመለስ ስድብ ነው፣ በር ይዘጉብኛል። … እሺ። … እሺ፣ አለሁ። … ጆንያው? እዚሁ፣ በሩ አጠገብ። … እጄን ልክተት? ለምን? … እሺ፣ ገመዱ አይደርስም፣ ስልኩን ላስቀምጥ። አንቺ የደሴዋ፣ አደራ እንዳትነቅይው።

— … ሄሎ? አለሁ። ከመሃሉ ነው የዛቅሁት፣ እስከ ክንዴ ገብቼ። … ያለው? ገብስ። ባቄላ። አተር … ምስርም አለ። ተልባ። ጤፍ ጣቴ መሃል ገብቷል። … ገብሱ? ነጭም ጥቁርም አለበት፣ ካንድ ማሳ አይደለም። … ይኼ ደግሞ ስንዴ ነው፣ ትንሽ፣ ከኛ አይደለም … ከላካችሁት ነው። ከላካችሁላቸው ቆጥበው መልሰውላችኋል ጋሼ። … ምን ማለትዎ ነው? … ትርፍ ያለው ገበሬማ … ኧረ ማንም ጤነኛ ሰው ተልባን ከጤፍ ጋር አይደባልቅም። … አዎ። … አዎ፣ ከያንዳንዱ ቤት እፍኝ እፍኝ ለመሆኑ … ራሱ እህሉ ይናገራል። ያረቢ። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው አዩት፣ እኔ በየቀኑ ዙሪያውን እየጠረግሁ አላየሁትም። እህል የሚያስመጡ ሰው መሆንዎ እውነት ነው።

— ዘግኜ አወጣለሁ … ለማስረጃ አንድ እፍኝ በፖስታ አድርጌ በመጀመሪያው መኪና እልካለሁ። እሺ። … እህል ያልሆነማ አለ። እሱን አልደባለቅሁትም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ከመድና ጆንያ የወጣ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው መድና። … ልቃቂት ነው፣ የበግ ሱፍ ፈትል። «ልጆቹ በረዶ ላይ ናቸው፣ የእግር ሹራብ ይሥሩበት» ብላ። … በግማ የላትም ጋሼ፣ በጎቿ አልቀዋል። ሌት ከምትለብሰው ባና ላይ ተርትራ ነው። ጫፉ ጎድሏል፣ ሄጄ አይቼዋለሁ።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ጋሼ፣ ይሰሙኛል? … ተቋረጠ እንዴ? … አንቺ የደሴዋ፣ ነቀልሽው? … አልነቀልሽም? እና ለምን ዝም አሉ? … አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የምትስቢው? አፍንጫሽን ጥረጊ እህቴ፣ መስመሩ ይረጥባል።

— አቤት ጋሼ። … አለሁ፣ አለሁ። … ከእማማ ይርገዱ አፍ? … ይሻላል እሱ። እማማ፣ ይምጡ፣ በዚህ በኩል ይናገሩ። … አይነክስም። … ጋሼ፣ «ፊቱን ከማላየው ሰው ጋር አልጨዋወትም» ይላሉ። እኔ ልጠይቅልዎት። … እማማ፣ እርስዎ ጆንያው ውስጥ ምን አደረጉ? … አተር። … ቤትዎ ተርፎ ነው? … እኔን አይቆጡ፣ እሳቸው ናቸው የሚጠይቁት። … «ለዘር ከቀበርኩት ነው» ይላሉ። … ታዲያ የዘርዎን ለምን ሰጡ? …

— … ይድገሙት እማማ። እንዳሉት አድርጌ እንድነግራቸው።

— ይጻፉ ጋሼ። ከኔ አንድ ቃል የለበትም። «እህሉን ያደረሱልኝ ልጆቹ ናቸው። የሰው ልጅ ተልኮ ደጄ መጥቶ ባዶ እጁን ብሸኘው፣ እናቱ ምን ትለኛለች?» … አዎ፣ እናቱ። … ይኼው ነው፣ ሌላ አላሉም። አሁን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ፎቶውን እያዩ ነው። ያቺን ዳር ላይ ያለችውን ባለ ቀይ ኮት ልጅ በጣታቸው ይነካኳታል።

— የጻፉትን ቴሌክስ ያንብቡልኝ እስቲ። … … … አዎ። … እፍኙን ይጻፉት፣ ጎላ አድርገው። … የመድናንም። … … እንዲህ ተጽፎ ሲነበብ ሌላ ነው። የማውቀውን ነገር ነው የነገሩኝ፣ ግን እንደ አዲስ ሰማሁት። … ጋሼ፣ ይኼም ባሕር ተሻግሮ ስንዴ ይሆናል? … አይታወቅም። … ግን መኪኖቹን መልስ እስኪመጣ ደሴ ላይ ያስቆማሉ? በርስዎ ሥልጣን? … ይችላሉ? … እማማ ይርገዱ፣ እህሉ ደሴ ላይ ይጠብቀናል። … አዎ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ነበር። … በኋላ እነግርዎታለሁ እማማ።

— ልቃቂቱን? … ለልጆቹ ይላክ? እዚያ ትምህርት ቤታቸው ድረስ? … እማማ፣ የመድናን ልቃቂት በአውሮፕላን ይልኩታል። … ወላሂ። … ጋሼ፣ እግራቸውን በእንትን … በመድና ባና ሊያሞቁ ነው ማለት ነው። እኔ አሁን ይህን ለማን ብነግረው ያምነኛል?

— የቀረው እህል? … ዘር ላለቀበት ሰው በበልጉ ይታደል። ጥሩ ሐሳብ ነው። … ተደባልቆ መዘራትማ አይዘራም፣ መለየት አለበት። … እሱን እኔ አስተባብራለሁ፣ ሰው አዝዤ። … ጋሼ፣ ከመዝጋትዎ በፊት አንዲት ነገር። ቴሌክሱ ላይ ስሜ ይገባ ይሆን? «ሐረግ አራጌ፣ የመካነ ሰላም ቢሮ አስተዳዳሪ፣ ጉዳዩን አጣርታ» ቢባል … ለክብር አይደለም፣ ልጆቹ ማን እንደሚያስተዳድር ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። …

— ምን አሉ እማማ? … ኧረ ይሰማሉ፣ ቀስ ይበሉ። … ምንም አይደለም ጋሼ፣ እማማ ይርገዱ ናቸው፣ ለራሳቸው የሚያወሩት። … ይተዉት። … ሳይሰሙ አይዘጉም? … አንቺ የደሴዋ ደግሞ ምን አገባሽ? … እሺ፣ እሺ፣ እነግርዎታለሁ። «ስልኩን ዝጊና ከሰው ወንበር ላይ ውረጂ፣ የደባለቅሽውን ተልባ ከጤፉ የሚለቅሙልሽ እነዚያ የበረዶ ልጆች አይደሉም» ነው ያሉት።